ያለቀ ድራማ ለመቀጠል ለምታስቡ ወጣት ደራስያን

ውድ ወጣት ደራስያንና አዘጋጆች፣

ከዓመታት በፊት ያለቀ ተወዳጅ ተከታታይ ድራማ ይቀጥልልን የሚል ጥያቄ ከተመልካች ሲመጣ ደስ ያሰኛል፤ ለጣቢያውም ሆነ ለስፖንሰሩ አዲስ ርዕስ ከማስተዋወቅ ይልቅ ሰው ስሙን የሚያውቀውን ሥራ መያዝ ስለሚቀል በሩ ፈጥኖ ይከፈታል። በስክሪፕት አርትዖት ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ከእናንተ መካከል ይህን ዕድል የሚያገኝ ካለ አስቀድሞ እንዲያስብበት የምፈልገው አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ድራማው በማይታይባቸው ዓመታት ገጸ ባሕርያቱ እንዴት ኖሩ የሚለው ነው። አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው የድሮዎቹ ተዋንያን ይገኛሉ ወይ፣ የመግቢያው ዜማስ ይቀጥላል ወይ ብሎ ነው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ታሪኩን የሚሸከመው ግን ያ ያልታየ ዘመን ነው።

የአሜሪካው «ዳላስ» የቴክሳስ ነዳጅ ባለሀብቶችን ቤተሰብ ታሪክ ይዞ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1991 የቆየ ድራማ ነው። በ2012 በሌላ ጣቢያ ሲመለስ ላሪ ሃግማን፣ ፓትሪክ ደፊና ሊንዳ ግሬይ የቀድሞ ገጸ ባሕርያቸውን ይዘው ቀረቡ፤ ደራስያኑ ግን ሃያ ዓመት እንዳላለፈ ለማስመሰል አልሞከሩም። ሃግማን የሚጫወተው፣ ያ በተንኮሉ ዓለም ያወቀው ጄ. አር. በመጀመሪያው ክፍል የታየው በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ በድባቴ ተይዞ፣ ቃል ሳይተነፍስ ተቀምጦ ነው። ተመልካቹ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ፈገግ ብሎ ሰው ሲያታልል ሊያየው ጓጉቶ ነበርና ዝምታው ያስደነግጣል፤ ያ ዝምታ ያለፈውን ዘመን በሙሉ ስለተናገረ፣ አንዱ ገጸ ባሕርይ ለሌላው «ከዚያ በኋላማ እንዲህ ሆነ» እያለ መተረክ አላስፈለገውም። ሽማግሌው የሚነቃው የቤተሰቡ መሬትና የነዳጁ ነገር ሲነሳ መሆኑም ሰውየው እንዳልተለወጠ ያሳያል። ድሮ በሕፃንነታቸው ያየናቸው የወንድማማቾቹ ልጆች፣ ጆን ሮስና ክሪስቶፈር፣ አድገው የአባቶቻቸውን ጠብ ወርሰዋል፤ አንዱ ነዳጅ ልቆፍር ሲል ሌላው በአማራጭ የኃይል ምንጭ ላይ ይሠራል። በነገራችን ላይ፣ በመካከሉ በ1996 እና በ1998 የተሠሩትን ሁለት የቴሌቪዥን ፊልሞች አዲሱ ድራማ እንዳልነበሩ አድርጎ አልፏቸዋል። ከቀድሞው ሥራ የቱ እንደሚጸና፣ የቱ እንደሚተው መወሰን የደራሲው መብት ነው፤ ውሳኔው ግን ከመጀመሪያው ክፍል ቀረጻ በፊት መደረግ አለበት።

ሃግማን በኅዳር 2012 ሁለተኛው ምዕራፍ እየተቀረጸ ሳለ አረፈ። ደራስያኑ ታሪኩን አስተካክለው የጄ. አር.ን ሞትና ቀብር በመጋቢት 2013 አሳዩ። ድራማው ከሦስተኛው ምዕራፍ በኋላ በ2014 ተቋረጠ፤ እንደ እኔ ግምት ወጣቶቹ ያለ ሽማግሌው በራሳቸው እንዲቆሙ የሚያስችል ስፋት ገና አልተሰጣቸውም ነበር። በዕድሜ የገፉ ተዋንያንን የምትመልሱ ከሆነ ይህን አስቡበት።

ሁለተኛው ምሳሌዬ የእንግሊዙ «ዶክተር ሁ» ነው፤ ዶክተሩ ስለሚባል፣ በጊዜ ውስጥ ስለሚጓዝ የሌላ ዓለም ፍጡር የሚተርክ፣ በ1963 በቢቢሲ ተጀምሮ በ1989 የቆመ ሥራ ነው። በ1996 ሊመልሱት ሞክረው አንድ ፊልም ብቻ ሠርተው ቀረ፤ ያ ፊልም የሚከፈተው የድሮ ጠላቶችን ስም በሚደረድር ትረካ ስለሆነ ታሪኩን የማያውቅ ሰው ገና ከደጃፉ ግራ ይጋባል። ራስል ቲ. ዴቪስ በ2005 የጻፈው የመጀመሪያ ክፍል ግን ሮዝ የምትባል የሱቅ ሠራተኛ የማንቂያ ደወል ሰምታ ከእንቅልፏ ስትነሳ ይጀምራል። ሥራ ትውላለች፤ ማታ ወደ ምድር ቤት ትወርዳለች፤ ልብስ የሚሰቀልባቸው አሻንጉሊቶች ነፍስ ዘርተው ሲከቧት አንድ የማታውቀው ሰው እጇን ይዞ እንድትሮጥ ይነግራታል። ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ ዶክተሩ፣ የሚገባው በዚያች ቅጽበት ነው፤ አዲሱ ተመልካች ከእርሷ ጋር እየጠየቀ ያውቀዋል።

ከሁሉም የማደንቀው ቀጥሎ ያለውን ነው። ዴቪስ ድራማው በማይታይባቸው ዓመታት አንድ ትልቅ ጦርነት እንደተካሄደና የዶክተሩ ወገኖች ሁሉ እንዳለቁ ወሰነ፤ ይህንንም በመጀመሪያው ክፍል ሳያብራራ አቆይቶ ዶክተሩ በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ለሮዝ እንዲነግራት አደረገ። በዚያ ጊዜ ከልጅነቱ ጀምሮ ድራማውን ሲያይ ያደገ ሰውና ትናንት የጀመረ ልጅ እኩል ይሆናሉ፣ ጦርነቱን ሁለቱም አላዩትምና። ዴቪስ ራሱ የድራማው ወዳጅ ሆኖ ያደገ ሰው ነው፤ ያን ሁሉ እያወቀ ጥቂቱን ብቻ መናገሩን እንደ ትልቅ ሙያ እቆጥረዋለሁ፤ ድራማ የሚወድ ደራሲ የሚያውቀውን ሁሉ ካልተናገረ አይሆንለትምና።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ያልታየው ዘመን የሚያቀርበው ቁሳቁስ ሞልቷል። ድሮ በቀበሌ ቤት የምትኖር እናት ዛሬ ሰፈሯ ፈርሶ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖር ይሆናል፤ ጎረቤቶቿ በየአቅጣጫው ተበትነው የሚያገናኛቸው ዕድሩ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ዐረብ አገር የሄደችው ልጇም ተመልሳ የራሷን ቤት መስርታ ይሆናል። ያቺን እናት በድሮው ግቢ፣ በድሮው በርጩማ ላይ አስቀምጣችሁ ያንኑ የድሮ ንግግሯን ብታናግሯት ተመልካቹ አንድ ሁለት ክፍል በናፍቆት ያይና ይተዋችኋል። ደረጃ ወጥታ ስታለከልክ፣ ቡና አፍልታ የምትጠራው ሰው ስታጣ ብታሳዩ ግን የድሮውም የአሁኑም ተመልካች አብሯት ይቆያል።

የመብቱን ጉዳይ በአጭሩ ልንካው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ስላለ፣ ከመጀመሪያው ደራሲና ከፕሮዲውሰሩ ጋር በጽሑፍ ሳትስማሙ የማንንም ገጸ ባሕርይ ይዛችሁ አትነሱ፤ የቃል ስምምነት ድራማው ታዋቂ በሆነ ማግሥት ይረሳል።

ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ለእያንዳንዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ያልታየውን ዘመን የሚናገር አንድ ሁለት ገጽ ጻፉ፤ ከማን ጋር ተጣላ፣ ምን አጣ፣ ማንን ቀበረ፣ ገንዘቡን ከየት አገኘ። የጻፋችሁትን በምልልስ ውስጥ አትድገሙት፤ ለተዋናዩና ለአዘጋጁ ስጧቸውና በአነጋገርና በአቀማመጥ ያውጡት። ገጾቹን ጽፋችሁ ስታበቁ ከሠርግ፣ ከልደትና ከሞት በቀር የረባ ነገር ካላገኛችሁባቸው፣ ለፕሮዲውሰሩ በግልጽ ንገሩትና እነዚያኑ ተዋንያን የሚይዝ አዲስ ድራማ አቅርቡለት።