ያ ምርጫ በሌላ መንገድ ቢጠናቀቅ ኖሮ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ አሜሪካ ምርጫ «እንዲህ ቢሆን ኖሮስ?» የሚሉ ብዙ ጥያቄዎች ደርሰውኛል። አራቱን ልመልስ። የአሜሪካውን ዘመን በፈረንጅ፣ የእኛን በእኛ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ በ2000 አል ጎር ቢያሸንፍ ኖሮ የኢራቅ ጦርነት ይቀር ነበር?

መልስ፦ መጀመሪያ ድሉ የት እንዳመለጠው እንይ። ፍሎሪዳ ላይ ቡሽ የበለጠው በ537 ድምፅ ብቻ ነው። ስድስት ሚሊዮን ገደማ ሰው ድምፅ በሰጠበት ግዛት! በፓልም ቢች አውራጃ የዕጩዎቹ ስም በወረቀቱ ግራና ቀኝ ተደርድሮ፣ የሚበሱት ቀዳዳዎች መሃል ላይ ነበሩ። የጎር ስም በግራ በኩል ሁለተኛ ነው። ሁለተኛው ቀዳዳ ግን የሌላው ዕጩ የፓት ቡካነን ነው። ቡካነን እዚያ ከ3,400 በላይ ድምፅ አገኘ፤ ሰው ተሳስቶ ሊመርጠው እንደሚችል ራሱም አምኗል። እኔ ታሪኩን ብቀይር የምነካው ያቺን ወረቀት ብቻ ነው። ስሞቹ በአንድ ረድፍ ቢታተሙ በቂ ነበር።

ወደ ኢራቅ ስንመጣ፣ ጎር በመስከረም 2002 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የቡሽን የጦርነት ዕቅድ በይፋ ተቃውሟል። ስለዚህ ወረራው ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ምክትሉ ይሆን የነበረው ሊበርማን ጦርነቱን ቢደግፍም። አፍጋኒስታን ግን የሚቀር አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ጎርን ያስበላው ራልፍ ኔደር ነው አይደል?

መልስ፦ የአረንጓዴ ፓርቲው ዕጩ ኔደር ፍሎሪዳ ላይ 97,488 ድምፅ ወስዷል፤ ስለዚህ አባባሉ መሠረት አለው። ግን ጎር የተሸነፈው በገዛ አገሩ በቴነሲም ጭምር ነው። የቴነሲን 11 የኤሌክቶራል ድምፅ (ፕሬዚዳንቱን የሚወስነው፣ ለየግዛቱ የተመደበው ድምፅ) ቢያገኝ ፍሎሪዳ ጨርሶ አታስፈልገውም ነበር።

ጥያቄ፦ በ1960 ኢሊኖይ ባትጭበረበር ኒክሰን ያሸንፍ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ሒሳቡ አይፈቅድም። ያሸነፈው ኬኔዲ 303 የኤሌክቶራል ድምፅ ነበረው። የኢሊኖይ 27 ቢቀነስ 276 ይቀረዋል፤ የሚያስፈልገው 269 ነው። ኒክሰን ቴክሳስንም መውሰድ ነበረበት፤ እዚያ ደግሞ ልዩነቱ ከ46,000 በላይ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ «ካርተር ባይመረጥ ደርግ ወደ ሶቪየት አይሄድም ነበር» ይላሉ። ልክ ናቸው?

መልስ፦ አባትዎ ያነሱት ትልቅ ጉዳይ ነው። በ1976 በካርተር የተሸነፈው ፕሬዚዳንት ፎርድ ለማሸነፍ በጣም ተቃርቦ ነበር፤ ኦሃዮ ላይ 5,600 ገደማ፣ ሃዋይ ላይ 3,700 ገደማ ድምፅ ቢገለበጥ በቂው ነበር። ግን ቀኖቹን ልብ ይበሉ። ደርግ ከሞስኮ ጋር የጦር መሣሪያ ስምምነት የፈረመው በታኅሣሥ 1969 ነው። ያኔ ዋይት ሀውስ ውስጥ ያለው ገና ፎርድ ነበር። ካርተር ሥልጣን የያዘው በጥር ነው። በየካቲት በሰብዓዊ መብት ምክንያት ወታደራዊ እርዳታውን ቀነሰ። በሚያዝያ ደርግ አሥመራ ያለውን የቃኘው ጦር ሰፈር ጨምሮ የአሜሪካ ቢሮዎችን ዘጋ። ፎርድ ቢቀጥል ኖሮ ፍቺው ይዘገይ ነበር እንጂ የሚቀር አይመስለኝም።

ይለወጥ ነበር የምለው ኦጋዴንን ነው። ሐምሌ 1969 የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ ጦሩን ሲያስገባ ኢትዮጵያ ከአሮጌው ወዳጇ ተጣልታለች፤ የአዲሱ መሣሪያ ደግሞ ገና ተሟልቶ አልገባም። የአሜሪካ መሣሪያና መለዋወጫ እስከዚያ ክረምት ቢቀጥል፣ ጅጅጋ በመስከረም 1970 ትወድቅ ነበር? ከአራቱም ጥያቄዎች እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። የዚያን ጊዜ ወታደሮች ልጆች ዛሬ ከሚያነቡኝ መካከል እንዳሉ አውቃለሁ።