ቤት ውስጥ ለምትቀርጹ፦ ከማይኩ ጋር ምን ያስፈልጋል? (ጥያቄና መልስ)

ቤታችሁ ስትቀርጹ የሚያስቸግራችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር። እነሆ መልሶቹ።

ጥያቄ፦ «ፍቅር» ብዬ ስዘፍን ንፋስ አብሮ ይገባል። ፖፕ ፊልተር ልግዛ?

መልስ፦ መዳፍህን አፍህ ፊት አድርግና «ፍቅር» በል። ቀጥለህ «ቀለም» በል። በመጀመሪያው ንፋሱ መዳፍህን ይመታዋል፤ በሁለተኛው እምብዛም አይሰማህም። ማይኩን የሚመታውም ያው ንፋስ ነው። ፊልተሩ ንፋሱን በትኖ ድምፁን ያሳልፋል። ግን የግድ መግዛት የለብህም። ሽቦ ክብ አድርገህ ንጹሕ ስቶኪንግ ወጥርበት። ከማይኩ አራት ጣት ያህል ይራቅ። ከማይኩ ጋር ከተጣበቀ ጥቅም የለውም። አንተም ከፊልተሩ አራት ጣት ራቅ በል። በጣም ስትጠጋ ድምፅህ ይወፍራል፣ ቃሉም ይታፈናል።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ከላይ ሰው ሲራመድ ዱም ዱም ይላል። ሾክ ማውንት ያጠፋልኛል?

መልስ፦ በከፊል። ሾክ ማውንት ማይኩን በላስቲክ አንጠልጥሎ ስለሚይዝ በስታንዱ (በማይክ ማቆሚያው) እግር በኩል የሚመጣውን ንዝረት ይቀንሳል። በአየር የሚመጣውን አያስቆምም። ከስታንዱ እግር ሥር ብርድ ልብስ አጥፈሽ አንጥፊ። ለድምፅሽ 80 ኸርዝ አካባቢ ሎው ከት (ከዚያ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ የሚቀንስ ማጣሪያ) አድርጊ። ከበሮ ስትቀርጪ ግን አጥፊው፤ የከበሮው ጉልበት እዚያው ታች ነው ያለው።

ጥያቄ፦ ዋሽንት ስቀርጽ ትንፋሼ ጎልቶ ይሰማል።

መልስ፦ ማይኩን ከምትነፋበት ጫፍ አንሳው። ከጎን፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ ጣት ቀዳዳዎቹ ይመልከት። ማይኩን የስፖንጅ ሽፋንም አልብሰው።

ጥያቄ፦ ከማይኩ ጀርባ የሚቆመው ሪፍሌክሽን ፊልተር (የክፍሉን ማስተጋባት ለመቀነስ የሚሠራ ጋሻ) ያዋጣል?

መልስ፦ እኔ አልገዛውም። ካርዲዮይድ ማይክ (ከፊቱ ያለውን ድምፅ አጉልቶ የሚይዝ ማይክ) ከጀርባው የሚመጣውን ድምፅ ብዙም አይዝም። የሚያስተጋባብህ ከአንተ ጀርባ ያለው ባዶ ግድግዳ ነው። እዚያ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀል።

ጥያቄ፦ ገንዘቤ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚበቃው። ምን ልግዛ?

መልስ፦ ስታንድ! ክንድ ያለውና እግሩ የማይወዛወዝ ይሁን። አንድ ጊዜ ማይኬን በመጻሕፍት ክምር ላይ አስደግፌ ማሲንቆ ቀረጽኩ። ልጁ ግሩም አድርጎ ተጫወተ። በማግስቱ አንድ ቦታ እናስተካክል ስንል ማይኩ የቱ ጋ እንደነበር ጠፋን። ግማሽ ቀን ለፋን፣ የሁለቱ ቀን ድምፅ አልገጥም አለ። ያ ቀረጻ እንደዚያው ቀረ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። አሁን የስታንዱም የወንበሩም እግር ያረፈበትን ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ሳላደርግ ቀረጻ አልጀምርም።