የሚገባውን ራውት ማጣራትና መፈተን፤ ኔትወርክ ለምትማሩ የወሎ ልጆች

ልጆቼ፣

ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሁኑ ሌላ፣ ላብ ስትሠሩ አብዛኞቻችሁ የምታደርጉት አንድ ነው። ጎረቤት ራውተር በቢጂፒ (ኔትወርኮች መንገድ በሚለዋወጡበት ቋንቋ) ከሚልከው ራውት፣ ማለትም የአድራሻ መንገድ፣ የትኛው እንደሚገባ የሚወስነውን ፊልተር ትጽፋላችሁ፣ ፒንግ ትሞክራላችሁ፣ ካለፈ «ሠራ» ብላችሁ ላፕቶፑን ትዘጋላችሁ። ፒንጉ ግን ፊልተር ባይኖርም ያልፍ ነበር። የኬላ ጠባቂ ሥራውን መሥራቱ የሚታወቀው ማለፍ የሌለበት መኪና ሲመጣ ነው። ስለዚህ ማለፍ የሌለበትን ራውት ራሳችሁ፣ ሆን ብላችሁ ላኩ።

ለዚህ ሦስት ራውተር ይበቃል። ስማቸውን አር1፣ አር2 አትበሉ፤ ሐይቅ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ በሏቸው። ሦስት ጥቁር ስክሪን ጎን ለጎን ተከፍቶ ትዕዛዝ በተሳሳተው ላይ መጻፍ የየዕለት ነገር ነውና መንገዱን የምታውቁት ስም ያድናችኋል። ደሴ መሐል ሆኖ ይፈትሻል፣ ሐይቅ ደንበኛው ነው፣ ኮምቦልቻ በሌላ በኩል ያለ ጎረቤት። ሊኑክስ ላይ በነፃ የሚሠራው የራውተር ሶፍትዌር ኤፍአርአር 8 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ሦስቱንም ያለ ችግር ይሸከማል። የኤኤስ ቁጥራቸው (እያንዳንዱ ኔትወርክ በቢጂፒ የሚታወቅበት) ለሐይቅ 64496፣ ለደሴ 64497፣ ለኮምቦልቻ 64498 ይሁን። ከ64496 እስከ 64511 ያሉት ለምሳሌ ብቻ የተተው ናቸው። አድራሻዎቹም እንደዚሁ፦ 192.0.2.0/24፣ 198.51.100.0/24 እና 203.0.113.0/24። ላቡ በስህተት ከእውነተኛ መስመር ጋር ቢገናኝ የማንንም አድራሻ አትነኩም።

የመጀመሪያውን 192.0.2.0/24 ለሊንኮቹ በ/30 ቆራርጡት፤ በደሴና በሐይቅ መካከል ደሴ 192.0.2.1፣ ሐይቅ 192.0.2.2 ይሁን። ኮምቦልቻ የራሱን 198.51.100.0/24 ያስታውቅ፤ 198.51.100.129ንም በሉፕባኩ (በራውተሩ ውስጥ ባለው ምናባዊ ኢንተርፌስ) ላይ አኑሩ፣ በኋላ ያስፈልገናል። ከሐይቅ ደግሞ አምስት ራውት ይውጣ፦ የራሱ የሆነው 203.0.113.0/24፣ ከዚያው የተቆረጠ 203.0.113.128/25፣ የኮምቦልቻ ግማሽ የሆነው 198.51.100.128/25፣ የግል አድራሻው 10.0.0.0/8 እና ዲፎልቱ (ሌላ መንገድ ለሌለው ሁሉ የሚሆነው) 0.0.0.0/0። ለአራቱ ወደ ነል0 (ፓኬት ወደሚጣልበት) የሚሄድ ስታቲክ ራውት ጽፋችሁ በኔትወርክ ትዕዛዝ ወደ ቢጂፒ አስገቧቸው፤ ዲፎልቱን በ«ዲፎልት ኦሪጂኔት» ላኩት። ከአምስቱ ማለፍ ያለበት አንዱ ብቻ ነው። ይህን ኪቦርድ ሳትነኩ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉት። ውጤቱን ካያችሁ በኋላ የሚጻፍ ግምት ሁልጊዜ ትክክል ነው፣ ለዚህም ዋጋ የለውም።

አሁን ያለ ፊልተር ጀምሩና አምስቱም ደሴ መድረሳቸውን አረጋግጡ። አዲሱ ኤፍአርአር እዚህ ያደናግራችኋል፤ ፖሊሲ ካልተጻፈ ከውጭ ኤኤስ ምንም አይቀበልም፣ ምንም አይልክም። በማጠቃለያው ሠንጠረዥ የራውት ቁጥር በሚታይበት ቦታ በቅንፍ «ፖሊሲ» የሚል ካያችሁ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኢንተርኔት መመሪያ ሰነድ አርኤፍሲ 8212 ያዘዘው ጥሩ ጥንቃቄ ነው፤ ለዚህ ደረጃ ግን በሦስቱም ላይ «ኖ ቢጂፒ ኢቢጂፒ ሪኳየርስ ፖሊሲ» ብላችሁ አንሱት። ከዚያ ከደሴ ወደ 198.51.100.129 ትሬስራውት (ፓኬቱ የሚያልፍባቸውን ራውተሮች የሚያሳይ ትዕዛዝ) አድርጉ። ጉዞው ወደ ሐይቅ ዞሮ እዚያው ይጠፋል። ኮምቦልቻ ባለቤቱ ቢሆንም ያስታወቀው /24 ነው፤ /25 ጠባብ ስለሆነ ሁልጊዜ ያሸንፋል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 ዩቲዩብ የተቋረጠው በዚሁ መንገድ ነበር። የዩቲዩብ 208.65.152.0/22 እያለ ፓኪስታን ቴሌኮም 208.65.153.0/24ን አስታወቀ፣ በላዩ ያለው አቅራቢም ሳያጣራ ለዓለም አሳለፈው።

ፊልተሩ አንድ መስመር ነው፦ ፕሪፊክስ ሊስት (የአድራሻ ዝርዝር)፣ ፐርሚት (ፍቀድ) 203.0.113.0/24። ደሴ ላይ ለሐይቅ ኔበር (ጎረቤት) በ«ኢን» (ለሚገባው) አስሩት። ያልተፈቀደው ሁሉ በዝምታ ይከለከላል። ሲስኮ ላይ ከሆናችሁ ቀድሞ የገባው ራውት ወዲያው አይወጣም፤ «ክሊር አይፒ ቢጂፒ 192.0.2.2 ሶፍት ኢን» በሉ። በኮከብ ምልክት ሁሉንም ማጽዳት ሰሽኑን (ከጎረቤቶች ጋር ያለውን የቢጂፒ ግንኙነት) ይጥላል፤ ላብ ውስጥ የለመደ እጅ ሥራ ቦታም ይደግመዋል። «ሶፍት ሪኮንፊገሬሽን ኢንባውንድ»ንም ክፈቱ። ሜሞሪ ይበላል፣ ግን ጎረቤት የላከውን ሳይጣራ ስለሚያስቀምጥ «ሪሲቭድ ራውትስ» የሚለው ትዕዛዝ አምስት፣ «ራውትስ» የሚለው አንድ ያሳያችኋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ፊልተራችሁ የጣለው ነው። ትሬስራውቱን ድገሙት፤ አሁን የሚመልስላችሁ ኮምቦልቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ፊልተሩን እያበላሻችሁ ሞክሩ፤ ትምህርቱ ያለው እዚህ ነው። በመስመሩ ላይ «ኤልኢ 25» (እስከ /25 ድረስ ያለውንም) ጨምሩ፣ የሚገባው ራውት ሁለት ይሆናል። ቀጥሎ አገላብጡት፦ «ዲናይ 10.0.0.0/8» ብቻ ጻፉ። አንዱን ብቻ የከለከላችሁ ይመስላችኋል፤ ቁጥሩ ግን ዜሮ ይሆናል፣ ምክንያቱም ከታች የሚፈቅድ መስመር የለም። ያኔ ብዙ ሰው ቸኩሎ «ፐርሚት 0.0.0.0/0» ይጨምራል፣ ሁሉንም የፈቀደ መስሎት። ሰሽኑ እንደተገናኘ ነው፣ ቁጥሩም አንድ ይላል፣ ያ አንዱ ግን ዲፎልቱ ነው። ደንበኛው የላከው መልካሙ ራውት ተጥሎ ከሁሉ የማይፈለገው ገብቷል። ሁሉን ለመፍቀድ «0.0.0.0/0 ኤልኢ 32» መሆን አለበት። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ግን ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን «አንድ» አይቶ ደስ ብሎት ይሄዳል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጋር የራውቱን ስም አንብቡ።

የሊስቱን ስም ደግሞ ኔበሩ ላይ አንድ ፊደል አሳስታችሁ ጻፉት። ሲስኮ አይኦኤስ ላይ የሌለ ሊስት ሁሉን ያሳልፋል፣ ስህተት ብሎም አይጮኽም።

መብራት በሄደ ቁጥር ከዜሮ እንዳትጀምሩ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ «ራይት ሜሞሪ» በሉ። በኮንቴይነር የምትሠሩ ከሆነ ኮንፊጉን በላፕቶፑ ፎልደር ላይ አኑሩት፣ ኮንቴይነሩ ሲሰረዝ አብሮ ይጠፋልና።

ይህን ሁሉ በአንድ ድርጅት ኔትወርክ ውስጥ መንገድ ወደሚያስተላልፈው ኦኤስፒኤፍ እንዳለ አትውሰዱት። ሲስኮ ላይ «ዲስትሪቢዩት ሊስት ኢን» የሚከለክለው ራውቱ ወደዚያው ራውተር ሠንጠረዥ እንዳይገባ ብቻ ነው፤ ኤልኤስኤው (ራውተሮቹ ስለ ሊንኮቻቸው የሚለዋወጡት መረጃ) ማለፉን ይቀጥላል። ደሴ የኮምቦልቻን ራውት ቢጥል ሐይቅ ግን በደሴ በኩል ያውቀዋል፣ ትራፊኩን ይልካል፣ ፓኬቱም ደሴ ላይ ይሞታል። በኦኤስፒኤፍ ማጣራት ካስፈለገ በሁለት ኤሪያ (ኦኤስፒኤፍ ኔትወርኩን የሚከፍልባቸው ክፍሎች) ድንበር ላይ ባለው ራውተር፣ ወይም ራውቱ ከውጭ ወደ ኦኤስፒኤፍ በሚገባበት ላይ ሥሩት።