የመጀመሪያ ቱርቦ መኪናችሁን ለማን ትሰጣላችሁ? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ቱርቦ መኪና የጻፍኳት አጭር ነገር ብዙ ጥያቄ አመጣች። ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን ልመልስ። ጋራዥ ውስጥ 24 ዓመት ሠርቻለሁ። ያለፉትን 11 ዓመታት እጄ ያለው ናፍጣ ሞተርና ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ዕቃ) ላይ ነው። ስለ ቀለም፣ ስለ ላሜራና ስለ መኪና ዋጋ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። የጋራዥ ስምም አልጠራም። ጋራዥ ማለት ውስጡ ያለው መካኒክ ነው። እሱ የለቀቀ ቀን ስሙ ብቻ ይቀራል።

ጥያቄ፣ ከገርጂ፦ ጋሼ፣ የመጀመሪያ ቱርቦ መኪናዬን ገዛሁ። ቱሳን 1.6 ነው። የሚታመን ጋራዥ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለህ። መጀመሪያ ለትልቅ ሥራ አትሂድ። ዘይት ለማስቀየር ብቻ ሂድና ቆመህ እይ። "ሻይ ጠጥተህ ና" ቢሉህ እንኳ ካጠገባቸው አትራቅ።

ዘይቱን የመኪናውን መጽሐፍ አይቶ ነው የሚያመጣው ወይስ ከበርሜል ቀድቶ ነው የሚሞላው? ያንተ ሞተር ትንሽ ነው፣ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይረጫል፣ ቱርቦም አለው። እንዲህ ያለ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ጫን ሲባል ካንዴላው ሳይተኩስ ነዳጁ ቀድሞ ሊቀጣጠል ይችላል። ፒስተን ይሰብራል። ኤፒአይ ኤስፒ የሚባለው የዘይት ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ አንዱ ሥራው ይህን መከላከል ነበር። ጀሪካኑ ላይ እሱን ፈልግ። "ዘይት ዘይት ነው" የሚል መካኒክ ከገጠመህ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ።

ከዚያ እጁን እይ። የአየር ቱቦ ሲፈታ ክፍቱን አፍ በንጹሕ ነገር ይሸፍናል? የቱርቦ ክንፍ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። አንድ ትንሽ ብሎን ከገባችበት አለቀለት። እኔ ቱርቦ ፈትቼ ውስጡ ብሎን አግኝቻለሁ፣ የጨርቅ ቁራጭ አግኝቻለሁ፣ አንዴ ደግሞ የተቀደደ የፊልትሮ ወረቀት።

ሦስተኛው ነገር፣ "ተበላሽቷል" ያለህን ዕቃ ፈትቶ ያሳይሃል? ለምን እንደተበላሸስ ይነግርሃል? ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። አንዲት ደንበኛዬ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስተኛ ቱርቦዋን ይዛ መጣች። የቀየሩላት ሰዎች "ዕቃው ፎርጅድ ነው" እያሉ ነበር የሚመልሷት። ወደ ቱርቦው ዘይት የምትወስደውን ቀጭን ቱቦ ፈታኋት። እርሳስ የማታህል ናት። በአንድ ጫፏ ቤንዚን አፈሰስኩባት። በሌላው ጫፍ ጠብ፣ ጠብ ብቻ አለ። ውስጧ በተቃጠለ ዘይት እንደ ጀበና ቂጥ ጠቁሮ ተደፍኗል። ሁለት ቱርቦ ሲቀየር ያቺን ቱቦ የነካት ሰው የለም። ቱቦዋን ቀየርን፣ ዘይቱን አጥበን ሞላን። ያ ሦስተኛው ቱርቦ ዛሬም ይሠራል።

ቱርቦ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ አይሞትም። ዘይት ያጣል ወይም ቆሻሻ ይገባበታል። ይህን የማይጠይቅ ጋራዥ ቱርቦ ይሸጥልሃል እንጂ አይጠግንልህም።

ጥያቄ፣ ከአያት፦ የኔም ቱሳን ነው። ካምቢዮው ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። ምን ይሆን?

መልስ፦ የካምቢዮ ሰው ጠይቅ። እኔ አይደለሁም።

ጥያቄ፣ ከቦሌ፦ ጥሩ ጋራዥ ካለ ጠቁመን።

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ጥያቄ፣ ከሳሪስ፦ ሃይሉክስ ዲ ፎር ዲ 3.0 ገዛሁ። ሥራ ላይ ነው የማውለው። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ "ይሄ ሞተር ሳይታሰብ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)" አለኝ። እውነት ነው? ሰርቪስ ሳስደርግ ምን ላሳይ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሞተሩ 1ኬዲ ነው። ጥሩ ሞተር ነው፣ እወደዋለሁ። ግን አንድ የታወቀ ድካም አለው። ናፍጣውን የሚረጨው ኖዝል የሚቀመጥባት ትንሽ የመዳብ ሮንዴላ (ቀለበት) አለች። እሷ ማተም ስታቆም የሚቃጠለው ጋዝ በጎን ሾልኮ ወደ ሞተሩ ዘይት ይገባል። ዘይቱ ይጠቁራል፣ ካርቦን ይቋጥራል። ካርቦኑ ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ይወርድና የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍነዋል። ያኔ የዘይት ፖምፓው የሚስበው ያጣል። መጀመሪያ የሚጮኸው ቱርቦው ነው። ቀጥሎ የቢዬላ ኩሽኔታ (የፒስተኑ ዘንግ የሚሽከረከርበት)። መኪናው ዘይት አላጣም፤ ዘይቱ ሞልቶ እያለ ሞተሩ ይነክሳል። ባለቤቱም "በልኬት ዱላው ሙሉ ነበር እኮ" እያለ ያለቅሳል።

ስለዚህ አሁኑኑ ሁለት ነገር አሠራ። ኖዝሎቹ ይውጡ፣ ሮንዴላዎቹ በአዲስ ይቀየሩ። አሮጌ ሮንዴላ ሞርዶ የሚመልስ መካኒክ ካየህ አስቁመው። ከዚያ ኮፓው ይውረድ፣ ወንፊቱን በዓይንህ እይ። "ኮፓ ማውረድ አያስፈልግም፣ በፍላሽ (በማጠቢያ ፈሳሽ) እናጥበዋለን" ካሉህ እሺ አትበል። ፍላሽ ካርቦኑን ፈልቅቆ እዚያው ወንፊት ላይ ነው የሚወስደው። ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ።

ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር ቀይር። አቧራ መንገድ የምትሠራ ከሆነ የአየር ፊልትሮውን በየሳምንቱ ክፈተው። በኮምፕረሰር ማስነፋት ወረቀቱን ይበሳዋል፤ ከዚያ አቧራው የቱርቦውን ክንፍ እንደ ሞረድ ይበላዋል። የአየር ፊልትሮ ዋጋና የቱርቦ ዋጋ አወዳድረው።

ጥያቄ፣ ከአዳማ፦ መኪናዬ ጉልበት አጣ። ስካን ሲደረግ ፒ 0299 አለ። ጋራዡ "ቱርቦ ይቀየር" አለኝ። ልቀይር?

መልስ፦ አይሆንም፣ ቆይ። ያ ቁጥር የሚለው "የአየሩ ግፊት ከሚፈለገው በታች ነው" ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ አይናገርም። የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ሊሆን ይችላል። የላላ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ) ሊሆን ይችላል። ቱርቦውን የምትቆጣጠረው የቫኩም ቱቦ ተበስታ ይሆናል። ናፍጣ ከሆነ የቱርቦው ተንቀሳቃሽ ክንፎች በካርቦን ተይዘው ይሆናል፤ ያ ይጸዳል። ጭስ ነፍቶ ቱቦዎቹን የሚፈትሽ ማሽን ያለው ሰው ፈልግ። የሚያፈስበት ቦታ ጭሱ ሲወጣ በዓይንህ ታያለህ። ስካኑን ብቻ አንብቦ ዕቃ የሚያዝ መካኒክ ነው ይህን ሁሉ ሰው የሚያከስረው።

አስተያየት፣ ከሲኤምሲ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ግን ለምን በዚህ ጊዜ ቱርቦ ይገዛል? ኤሌክትሪክ ግዙና ዘይት፣ ፊልትሮ ከሚባል ነገር ተገላገሉ።

አስተያየት፣ ከጎንደር፦ ወንድሜ፣ አንተ ሲኤምሲ ሆነህ ነው። እኔ ከጎንደር ደባርቅ፣ ከዚያ ገጠር እገባለሁ። ቻርጀር የት አለልኝ?

አስተያየት፣ ከሲኤምሲ፦ ቤትህ ማታ ትሰካለሃ። ደግሞ ነዳጅ ሰልፍ ላይ የምታጠፋው ጊዜስ?

አስተያየት፣ ከጎንደር፦ መብራት ሲጠፋስ?

መልስ፦ ልጆች፣ ይብቃ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አገር ውስጥ ያለውን መኪና አጥብቆ መያዝ የግድ ሆኗል። እዚህ የተሰበሰበው ሰው መኪናውን ገዝቷል። ስለ እሱ እናውራ።

ጥያቄ፣ ከቨርጂኒያ፦ እኔ አሜሪካ ነኝ። ባለ ቱርቦ ሱባሩ ገዛሁ። ሻጩ "ከኛ ውጪ ሰርቪስ ካደረግሽ ዋስትናው ይቀራል" አለኝ። ልክ ነው?

መልስ፦ የአሜሪካን ሕግ አላውቅም፣ እህቴ። የሚያውቅ ይመልስልሽ።

አስተያየት፣ ከሜሪላንድ፦ እኔ ልመልስ። ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ የማግነሰን ሞስ ሕግ አለ። ውጪ ሰርቪስ ስላደረግሽ ብቻ ዋስትናሽን ሊሰርዙት አይችሉም። ጉዳቱን ያመጣው ያ ሥራ ወይም ያ ዕቃ መሆኑን ማሳየት አለባቸው። ደረሰኝሽን ሁሉ አስቀምጪ፤ ቀኑ፣ ማይሉ፣ የዘይቱ ዓይነት ይጻፍበት። ጋራዥ ስትመርጪ ደግሞ ኤኤስኢ የሚባለውን የመካኒክ ፈተና ያለፈ ሰው መኖሩን ጠይቂ። የሀበሻ ጋራዥ ስለሆነ ብቻ አትግቢ።

መልስ፦ አመሰግናለሁ። የደረሰኙ ነገር እዚህም ይሠራል። ደብተር ያዙ።

ጥያቄ፣ ከጀሞ፦ መኪና ከማጥፋት በፊት ሞተሩ እየሠራ 5 ደቂቃ ማስቆም አለብን የሚባለው እውነት ነው?

አስተያየት፣ ከመገናኛ፦ አዎ፣ ሁልጊዜ። አባቴ የጭነት ሹፌር ነበር፣ ሳያስቆም አጥፍቶ አያውቅም።

አስተያየት፣ ከለቡ፦ ያ ድሮ ነው። የአሁን ቱርቦ በውኃም ይቀዘቅዛል። ነዳጅ ማባከን ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ልክ ናችሁ። ከመገናኛ ቦሌ በዝግታ መጥተህ ከሆነ አጥፋው፣ ምንም አይሆንም። ግን ከአባይ በረሃ ደጀን ድረስ ጭነህ ወጥተህ፣ ወይም ጣርማ በርን በሙሉ ጋዝ ወጥተህ ወዲያው ካጠፋኸው ዘይቱ እዚያው ግሎ በቆመው ቱርቦ ውስጥ ይቃጠላል። ያቺ የነገርኳችሁ ቱቦ የምትደፈነው እንዲህ ነው። 1 ወይም 2 ደቂቃ ይበቃል። ከሁሉ የሚሻለው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ቀስ ብሎ መንዳት ነው።

ጥያቄ፣ ከሃያ ሁለት፦ ጎልፍ ጂቲአይ አለኝ። ዱባይ ያለ ጓደኛዬ የሞተሩ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን የሶፍትዌር ፋይል ልላክልህ አለኝ። እዚህ የሚጭንልኝ ሰው አግኝቻለሁ። ጉልበቱ ይጨምራል ይላሉ። ምን ትላለህ?

መልስ፦ ይህን ሁላችሁም አንብቡት።

ዱባይ ባሕር ዳርቻ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት የዱባይን ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው መኪና እዚህ ሲመጣ የሚደክመው ለዚህ ነው። ቱርቦ ያለው የማይደክመው ደግሞ ቱርቦው ጉድለቱን ለመሙላት የበለጠ ስለሚሽከረከር ነው። እንግዲህ አስብ። ፋይሉ ሞተሩ 2 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አየር እንዲያገኝ ያዛል እንበል። ዱባይ ላይ ቱርቦው የውጪውን አየር 2 እጥፍ ማመቅ አለበት። እዚህ ግን ለዚያው 2 ባር 2.6 እጥፍ ማመቅ ይኖርበታል። ቱርቦው ከተሠራለት ዙር በላይ ይሄዳል፣ አየሩም ይግላል። ለሁለት ወር "በረረ" ትላለህ። ከዚያ ይፏጫል፣ ከዚያ ያጨሳል።

መኪናውን መለወጥ ክፉ ነው አላልኩም። እኔም የሠራኋቸው አሉ። ግን ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ መኪናው በፋብሪካው ሁኔታ ጤነኛ ይሁን፤ ካንዴላ፣ ዘይት፣ ቱቦዎች፣ ፍሪሲዮን። ከዚያ ሶፍትዌር የሚጭነውን ሰው ሦስት ነገር ጠይቀው። የፋብሪካውን ፋይል አውጥቶ ይሰጥሃል? ከጫነ በኋላ መንገድ ላይ አብሮህ ወጥቶ ግፊቱን፣ የአየርና የነዳጁን ልክ፣ የሞተሩን መንኳኳት እየመዘገበ ያያል? ፋይሉንስ ለዚህ ከፍታ ያስተካክለዋል ወይስ የተላከለትን ብቻ ይጭናል? አንዱን እንኳ "አያስፈልግም" ካለህ አትስጠው። ላፕቶፕ ያለው ሁሉ ቱነር አይደለም።

ጥያቄ፣ ከሃያ ሁለት፦ ታዲያ የ"ፕሽሽ" ድምፅ የሚያወጣውን የቱርቦ ቫልቭ ብቻ ባስገባስ?

መልስ፦ ጉልበት አይጨምርም። አየሩን ወደ ውጪ ከለቀቀው ሞተሩ ለክቶ የተቀበለው አየር ይጎድልና ነዳጁ ይበዛል። ተወው።

ጥያቄ፣ ከአስኮ፦ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ቱርቦ ልግዛ ወይስ ያለኝን ላስጠግን? ዋጋውስ?

መልስ፦ ዋጋ አልነግርህም፣ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ሶማሌ ተራ ጥሩ ዕቃ አለ፣ ማየት ከቻልክ። ባትሪ ያዝ፣ ክንፎቹን አንድ በአንድ አብራባቸው። ጫፋቸው የተበላ ወይም የታጠፈ ካለ አስቀምጠው። ዘንጉን ያዝና ወደ ጎን ነቅነቅ አድርገው፤ ትንሽ ቢንቀሳቀስ ያለ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሄድ በእጅህ ከተሰማህ ግን አበቃለት። ክንፉ ግድግዳውን የጫረበት ምልክት ካለም ተወው። የሚያስጠግን ደግሞ ዘንጉን ባላንስ የሚያደርግ ማሽን መኖሩን ይጠይቅ። በእጅ ገጣጥሞ "ሠራ" የሚል ብዙ ነው። ቱርቦውን ከቀየርክ ደግሞ ኢንተርኩለሩ (የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ውስጥ የተጠራቀመውን ዘይት አስወጣ። ናፍጣ ሞተር ያንን ዘይት እንደ ነዳጅ ይጠጣውና ቁልፍ ብትነቅልም አልጠፋ ሊልህ ይችላል። የዘይቷንም ቱቦ ቀይር። ለሦስተኛ ጊዜ ነው የምለው።

ጥያቄ፣ ከጎሮ፦ ጋሼ ሰላም፣ የሚታመን ጋራዥ ብትነግረን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገጹ ሙሉ እሱ ነው። ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀምር።

ጥያቄ፣ ከቃሊቲ፦ ጋሼ፣ አሁን መንገድ ላይ ነኝ። ሃይሉክስ ነው። ቀዩ የዘይት መብራት በራ። ዱላውን አየሁ፣ ዘይት አለው። ጋራዡ 3 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀኝ። ልንዳው?

መልስ፦ አትንዳው። ሞተሩን አጥፋ። ከላይ ለሳሪሱ ልጅ የጻፍኩትን አንብብ። ሎቤድ ጥራና እንደቆመ ይጫን። ጋራዡ ሲደርስ ሳያስነሱት ኮፓውን እንዲያወርዱ ንገራቸው። ወንፊቱን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ነቅቼ እጠብቃለሁ።