68 ተማሪ ባለበት ክፍል ተከታታይ ምዘና እንዴት ይሠራል?

ሰላም መምህርት። ጥያቄዎ ባጭሩ ይህ ነው፦ የ6ኛ ክፍል ሒሳብ ያስተምራሉ፤ በአንዱ ሴክሽን 68 ተማሪ አለ፤ በየሳምንቱ አጭር ፈተና እየሰጡ ሲያርሙ ያመሻሉ፤ ሮስተሩ በማርክ ተሞልቷል፤ ልጆቹ ግን ያው ናቸው። «ምን ልቀይር?» ብለዋል።

መጀመሪያ ፈተናውን ይቀንሱ። ለማርክ ከሚሰጡት ግማሹን ይተዉና ጊዜውን ልጆቹ የት ጋ እንደሚሳሳቱ ለማወቅ ያውሉት። ወረቀት ላይ «4/10» ተብሎ ሲመለስለት ልጁ ምን ማስተካከል እንዳለበት አያውቅም፤ እርስዎም ነገ ምን እንደሚደግሙ አያውቁም። ምዘና ዋጋ የሚኖረው የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ ሲቀይር ነው። ለዚያ ደግሞ ብዙ ጥያቄ አያስፈልግም፤ በደንብ የታሰበበት አንድ ጥያቄ ይበቃል።

የክፍልፋይ መደመርን እንውሰድ። ሰሌዳ ላይ ይህን ይጻፉ፦ 1/3 + 1/4 ስንት ነው? ሀ) 2/7 ለ) 1/12 ሐ) 7/12 መ) 2/12።

መልሱ ሐ ነው፤ ለእርስዎ የሚጠቅሙት ግን የቀሩት ሦስቱ ናቸው። ሀ ያለው ልጅ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምሯል፤ ክፍልፋይ ለእሱ አንድ ቁጥር ሳይሆን ላይና ታች የተቀመጡ ሁለት ቁጥሮች ነው። ለ ያለው አባዝቷል። መ ያለው የጋራ ታህት ማግኘት ችሏል፤ ላዕሎቹን መቀየር ግን ዘሏል። ሦስቱም በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ቢደረግባቸው ልዩነታቸው ይጠፋል፤ የሚያስፈልጋቸው እርዳታ ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ የምርጫ ጥያቄ ሲያወጡ ለእያንዳንዱ የተሳሳተ አማራጭ «ይህን የሚመርጥ ልጅ ምን አስቦ ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ከሌለዎት አማራጩ ቦታ መሙያ ነውና ያውጡት። ጥሩ አማራጮች የሚገኙት ከልጆቹ ደብተር ነው፤ ያለ ምርጫ አንድ ጊዜ አሠርተው የተደጋገሙትን ስሕተቶች ቢለቅሙ ይበቃል።

የ68 ልጆችን መልስ በአንድ ጊዜ ለማየት ጣት ይበቃል፦ ሀ አንድ ጣት፣ ለ ሁለት፣ ሐ ሦስት፣ መ አራት። ጥያቄውን ያንብቡ፤ አንድ ደቂቃ ጸጥታ ይስጡ፤ መልሱን መጀመሪያ ደብተራቸው ላይ ይጻፉ፤ ከዚያ በምልክትዎ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጣታቸውን ደረታቸው ላይ ያሳዩ። እጅ ወደ ላይ ከተነሳ ክፍሉ የጎበዙን ልጅ እጅ አይቶ ይቀይራል። ቀድሞ መጻፉን አይዝለሉ፤ ደብተሩ ላይ ለ ጽፎ ሦስት ጣት የሚያሳየውን ልጅ በወንበሮቹ መሃል ሲያልፉ ያዩታል።

ከዚያ በኋላ የሚወስኑት በቁጥሩ ነው። ይህን አሠራር ለትልልቅ ክፍሎች ያደራጀው የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ነው፤ የእሱን መነሻ ወደ እርስዎ ክፍል ስናመጣው እንዲህ ይሆናል። በትክክል የመለሱት ከ70 በመቶ በላይ፣ ማለትም 48 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ባጭሩ አብራርተው ይለፉ፤ የቀሩትን ለብቻ ይያዟቸው። ከ20 እስከ 47 ልጆች ከሆኑ መልሱን አይንገሩ። ሁለት ደቂቃ ሰጥተው የተለየ መልስ ካለው ጎረቤታቸው ጋር እንዲከራከሩ ያድርጉና እንደገና ጣት ያስነሡ። ከ20 በታች ከሆኑ ግን ውይይት አያዋጣም፤ የማያውቁ እርስ በርስ ይሳሳታሉና በሌላ መንገድ እንደገና ያስተምሩ።

በሌላ መንገድ ማለት ያንኑ ማብራሪያ ጮክ ብሎ መድገም አይደለም። 2/7 ላሉት አንድ ጥያቄ ይጠይቋቸው፦ 2/7 እና 1/3 የትኛው ይበልጣል? 6/21 እና 7/21 ብለው ሲያወዳድሩ 1/3 ይበልጣል። 1/3 ላይ 1/4 ጨምረን እንዴት ከ1/3 ያነሰ አገኘን? ልጁ ራሱ ይደነግጣል። ከዚያ ካሬ ባለው የሒሳብ ደብተር ላይ 3 በ4 የሆነ ሳጥን ያስምሩ፤ 12 ካሬ ይሆናል። አንድ ሦስተኛው 4 ካሬ ነው፤ ያቅልሙት። አንድ አራተኛው 3 ካሬ ነው፤ በሌላ ቀለም ያቅልሙት። 7 ካሬ ከ12። «2/12» ያለውም ልጅ እዚሁ ላይ የተቀለሙት ካሬዎች ሁለት ብቻ እንዳልሆኑ በዓይኑ ያያል።

«ገባችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ይተዉት። መልሱ ሁልጊዜ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ነው፤ ምንም አይነግርዎትም። ሲጠይቁም ጥያቄው ይቅደም፣ ስም ይከተል። ስም ከቀደመ የቀሩት 67ቱ ማሰብ ያቆማሉ። በጥያቄና በስም መሃል ቢያንስ ሦስት ሰከንድ ዝም ይበሉ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በብዙ ክፍሎች ድምፅ ቀድታ ስትለካ መምህራን የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር፤ ወደ ሦስት ሲያደርሱት መልሶቹ ረዘሙ፣ ዝም የሚሉት ልጆችም መናገር ጀመሩ።

ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደግሞ አንድ ጥያቄ በሩብ ወረቀት ያሠሯቸው። ይህ አይታረምም፤ በየክምሩ ይለያል። ወረቀቶቹን በሦስት ክምር ያድርጉ፦ የገባቸው፣ አንድ ቦታ ላይ የተሰናከሉ፣ ጭራሽ ያልጀመሩ። አንዱን ወረቀት ለማየት 10 ሰከንድ ቢፈጅ 68ቱ ከ12 ደቂቃ አያልፉም። ማርክ አይጻፍበት። ማርክ ካለው መኮራረጅ ይጀመራል፤ የሚያገኙትም የልጁን ሳይሆን የጎረቤቱን ዕውቀት ነው። ሁለተኛው ክምር ለነገ መክፈቻ አሥር ደቂቃ ይሆንዎታል። ሦስተኛው ክምር ውስጥ ያሉት ብዙ ጊዜ የጎደላቸው የዛሬው ትምህርት አይደለም፤ የማባዛት ሠንጠረዥን ወይም የአቻ ክፍልፋይን ነውና ለእነሱ የ4ኛ ክፍል ጥያቄ ማዘጋጀት ሊያስፈልግ ይችላል። ይህን ማድረግ አያሳፍርም፤ ግዴታ ነው።

ስለ ቡድን ሥራም ጠይቀዋል። አንድ ለአምስት አደራጅቶ አንድ ወረቀት መቀበል የአንድ ልጅን ሥራ በአምስት ስም መመዝገብ ነው። ኮምባይንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ከተቀመጡ የፊቶቹ ወደ ኋላ ይዙሩ፤ ስድስት ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ይስጡ፤ ሠርተው ሲጨርሱ «ቁጥር 4 ያስረዳ» ይበሉ። ማን እንደሚጠራ ስለማይታወቅ ጎበዙ ሌሎቹን ለማስረዳት ይገደዳል። ማርክ መስጠት ካለብዎ ከውይይቱ በኋላ እያንዳንዱ ለብቻው በሚሠራው ተመሳሳይ ጥያቄ ላይ ይስጡ።

ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀውን ማርክ በተመለከተ፣ ለሮስተሩ የሚሆኑ ጥቂት ግን በደንብ የተዘጋጁ ፈተናዎች ይስጡ። ቢጋር፣ ማለትም ከየርዕሱ ስንት ጥያቄ እንደሚወጣ የሚያሳይ ዕቅድ፣ ይኑራቸው፦ ምዕራፉ 12 ክፍለ ጊዜ ወስዶ ማወዳደር 3፣ መደመርና መቀነስ 4፣ ማባዛትና ማካፈል 5 ከወሰዱ፣ ከ20 ጥያቄ 5፣ 7 እና 8 ይደርሳቸዋል። አራት አማራጭ ባለው ፈተና በግምት ብቻ በአማካይ ከ20 አምስት ይገኛልና 5 እና 6 ያመጣውን ልጅ «ትንሽ ያውቃል» አይበሉ። ቢያንስ ሦስት አራቱ ጥያቄዎች ሥራው የሚታይባቸው ይሁኑ።

ፈተናው ከታረመ በኋላ ከፍተኛ ያመጡትን 18 እና ዝቅተኛ ያመጡትን 18 ወረቀቶች ይለዩና ለእያንዳንዱ ጥያቄ ስንት ስንት እንዳገኙ ይቁጠሩ። ከላይኞቹ 15፣ ከታችኞቹ 6 ካገኙት ልዩነቱ 9 ነው፤ ለ18 ሲካፈል 0.5፣ የሚያውቀውን ከማያውቀው ይለያልና ጥሩ ጥያቄ ነው። ከላይኞቹ 7፣ ከታችኞቹ 9 ካገኙት ግን ጎበዞቹን ያሳሳተ ነገር አለ፦ ወይ የመልስ ቁልፉ ተሳስቷል፣ ወይ ሁለት መልስ አለው፣ ወይ አማርኛው አሻሚ ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሮስተር ላይ ከመመዝገቡ በፊት ያውጡት።

ይህን ሁሉ በሚያስተምሩባቸው ሴክሽኖች በሙሉ በአንድ ሳምንት አይጀምሩ። አንዱን ሴክሽን ይምረጡ፤ ሁለት ሳምንት ጣቱንና ሩብ ወረቀቱን ብቻ ይሞክሩ። ልጆቹ ሥርዓቱን እስኪለምዱ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ጫጫታ ይኖራል፤ በዚያ ምክንያት አይተዉት።