ለወጣት ወተት አምራቾች፦ ከላሚቱ ይልቅ ስለ ጥጃዋ

ልጆቼ፣

በደሴም በኮምቦልቻም በሁለትና በሦስት ዲቃላ ላም የወተት ሥራ የጀመራችሁ ብዙ ናችሁ። ስለ ፉርሽኩና ስለ ፋጉሎው ትጠይቃላችሁ፤ ስለ ጥጃው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የጥጆች ጥበቃ መመሪያ አለ። እኛን አያስገድድም፤ ነገር ግን የሚያዛቸው ልኮች ከጥጃው ተፈጥሮ የተነሡ ስለሆኑ ወሎም ላይ ይሠራሉ።

ከሁሉ በፊት እንገር። መመሪያው ጥጃ በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ እንገር ያግኝ ይላል። ጥጃ በማሕፀን ሳለ ከእናቱ አንቲቦዲ (በሽታ የሚከላከል የደም ንጥረ ነገር) አያገኝም፤ የሚያገኘው ከእንገሩ ነው። አንጀቱ አንቲቦዲውን ወደ ደም የማሳለፍ አቅሙ ከሰዓት ወደ ሰዓት እየቀነሰ በ24 ሰዓት ገደማ ያከትማል። ከምሽቱ 5 ሰዓት የተወለደውን ጥጃ እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት አለባ ካቆያችሁት ስድስቱ ሰዓት አልፏል። ስለዚህ በሌሊት ተነሡ፤ ጡቱን አጥባችሁ 30 ኪሎ ለሚመዝን ጥጃ 3 ሊትር ያህል ትኩሱን ስጡት። የቤተሰቡ እንገር ጥጃው ከጠገበ በኋላ ይደርሳል።

ቀጥሎ ገመዱ። መመሪያው ጥጃ ማሰርን ይከለክላል፤ የሚፈቅደው በቡድን ለሚኖሩ ጥጆች ወተት ሲጠጡ ብቻ፣ ያውም ከ1 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ነው። በአጭር ገመድ የታሰረ ጥጃ ሽንቱና እበቱ ላይ ይተኛል። በደሴ ብርድ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የተኛ ጥጃ የጠጣውን ወተት ሰውነቱን ለማሞቅ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ የሳንባ ምች ይከተላል። ብርዱን ፈርቶ መስኮቱን ሁሉ መድፈንም ያው ነው፤ ከሽንቱ የሚወጣው አሞኒያ የተባለ የሚሰነፍጥ ጋዝ ሳንባውን ይጎዳል። ጉዝጓዙ ላይ ለ20 ሴኮንድ ተንበርከኩ፤ ጉልበታችሁ ከረጠበ ጭዱ ይቀየር። አፍንጫችሁንም ጥጃው በሚተኛበት ከፍታ አድርጋችሁ አሽትቱ፤ ቆማችሁ የማይሸታችሁ እዚያ ይሸታል።

ለብቻ የሚያድር ጥጃ የጉረኖው ስፋት የትከሻውን ቁመት ያህል፣ ርዝመቱ ከአፍንጫው እስከ ዳሌው መጨረሻ ያለው ተባዝቶ በ1.1 ነው። ቁመቱ 80፣ ርዝመቱ 110 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ቢያንስ 80 በ121 መሆኑ ነው። ግድግዳው ጓደኛውን የሚያይበትና የሚነካበት ክፍተት ይኑረው። ከ8 ሳምንት በኋላ፣ የእንስሳት ሐኪም ለሕክምና ካላዘዘ በቀር፣ ከሌሎች ጋር ይቀላቀል፤ ከ150 ኪሎ በታች ላለ ለእያንዳንዱ 1.5 ካሬ ሜትር ይበቃዋል።

ወተት ውሃን አይተካም። ወተቱ ትልቁን ጨጓራ አልፎ ወደ አራተኛው ይሄዳል፤ ድርቆሹ የሚብላላው ግን ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ስለሆነ ውሃ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከ2 ሳምንት ጀምሮ ንጹሕ ውሃና ትንሽ ለስላሳ ድርቆሽ አቅርቡለት፤ በቀንም ቢያንስ ሁለት ጊዜ እዩት።

ወንዱ ጥጃ ወተት አይሰጥም ተብሎ እንገሩ ይቀነስበታል፣ ጥጉ ይሰጠዋል። መመሪያው ወንድና ሴት አይለይም። ለማሳደግ ካላሰባችሁም፣ እጃችሁ ላይ እስካለ ድረስ እንገሩን፣ ደረቅ መኝታውንና ውሃውን እኩል ስጡት።