የአባትሽን ዜኒት አትሽጪው

ሰላም እህቴ። አባትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከሶቪየት ኅብረት ተምረው ሲመለሱ ያመጡትን ዜኒት ኢ የተባለ የፊልም ካሜራ ከሣጥን እንዳወጣሽው ጽፈሻል። ሌንሱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አለ፣ ሹተሩ (ለብርሃን የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ) አንዳንዴ ይይዛል፣ የብርሃን መለኪያውም ያጠራጥርሻል። «በትንሽ ገንዘብ ላሠራው ወይስ ሸጬ የተሻለ የድሮ ካሜራ ልግዛ?» ነው ጥያቄሽ። አትሽጪው። በፊልም ፎቶ አንዴ ከፍለሽ የምትገላገዪው ካሜራውን ነው፤ ኪስ የሚያራቁተው በየጊዜው የሚገዛው ፊልምና እጥበቱ ነው። ለሌላ ካሜራ ያሰብሽውን ገንዘብ ለፊልም አስቀምጪው።

ባሕር ዳር ላይ ዜኒት ብርቅ አይደለም። ፖሊ ቴክኒኩ በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው በሶቪየት ድጋፍ ነው፤ በኋላም በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደዚያ ከሄዱት መካከል ካሜራ ይዘው የተመለሱ ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ መለዋወጫ ወይም ሁለተኛ የካሜራ አካል ካስፈለገሽ ገበያ ከመውጣትሽ በፊት የአባትሽን የትምህርት ጓደኞች ጠይቂ። ከቁም ሣጥን ላይ ዞርኪ፣ ፌድ ወይም ስሜና የተባሉ የሶቪየት ካሜራዎች ሊወርዱልሽ ይችላሉ። ዞርኪ ወይም ፌድ ካገኘሽ አንድ ነገር አደራ፦ ፊልሙን ሳታዞሪ የሹተሩን ፍጥነት አትቀይሪ፣ ውስጡ ይበላሻል። ደግሞ ሌንሱን ሳትከድኚ ወደ ፀሐይ አዙረሽ አታስቀምጪው። እንደ ዜኒት ከሌንሱ ጀርባ የሚያንጸባርቅ መስታወት ስለሌለው ፀሐዩ የጨርቅ መጋረጃውን አቃጥሎ ይበሳዋል፤ ሐይቅ ዳር ደግሞ ፀሐይ ከላይም ከውሃውም ነው የሚመጣው።

ወደ ሹተሩ ስንመጣ፣ ማንም ሰው ዘይት እንዳይነፋበት። መያዙ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ለዓመታት ሳይሠራ ውስጡ ያለው ግሪስ ስለደረቀ ነው። ፊልም ሳታስገቢ በሁሉም ፍጥነቶች ደጋግመሽ ልቀቂው፤ ጥቂት ቀን እንዲህ ማሠራት ብቻውን የሚያፈታው ካሜራ ብዙ ነው። ከዚያ ሌንሱን ፈትተሽ፣ የጀርባውን በር ከፍተሽ፣ ወደ ነጭ ግድግዳ ወይም ወደ ሰማይ አዙረሽ (ወደ ፀሐይ ግን አይደለም) በ1/500 ሰከንድ ልቀቂ። በጀርባው በኩል ስታዪ አራት ማዕዘኑ በሙሉ እኩል ብልጭ ካለ ደህና ነው። አንዱ ጎን ጨለማ ሆኖ ከቀረ መጋረጃዎቹ እኩል አይሮጡም ማለት ነው፤ ያኔም ቢሆን 1/125 ላይ ንጹሕ ከሆነ ካሜራው ይሠራል፣ 1/500ን ትተሽ ተጠቀሚበት። መጋረጃው ቀዳዳ እንዳለው ለማወቅ ማታ ክፍሉን አጨልመሽ፣ ከሌንሱ ጀርባ ያለውን መስታወት በጣትሽ ቀስ ብለሽ ከፍ አድርገሽ፣ በፊት በኩል የስልክ መብራት አብሪበት፤ የተበሳ ካለ እንደ ኮከብ ይታይሻል። ቀዳዳውን በጣም በቀጭኑ የተቀባ ጥቁር የጨርቅ ቀለም ይደፍነዋል።

የሸረሪት ድሩ ሻጋታ ነው። የጣና እርጥበት፣ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ለሌንስ ጠላት ነው፤ የቆዳ ቦርሳው ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ ይይዝለታል። ስለዚህ ካሜራውን ዛሬውኑ ከቆዳው አውጪው፣ ቆዳውን ለማስታወሻ ለይተሽ አስቀምጪ። ሌንሱ ከዜኒት ጋር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሄሊዮስ 44-2 ከሆነ በአግባቡ የሚፈታ ሰው ያጸዳዋል፤ ከፋርማሲ የሚገዛ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ንጹሕ አልኮል ይበቃል። አረቄ ግን አይተካውም፣ ውሃና ቅሪት አለው። ሻጋታው መስታወቱን በልቶት ምልክት ቢቀር አትደንግጪ፤ ከብርሃን ትይዩ ካላነሳሽ በቀር ፎቶው ላይ እምብዛም አይታይም። ከዚያ በኋላ ማስቀመጫው የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ይሁን፣ ከጫማ ካርቶን የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጨምሪበት። በነገራችን ላይ ዛሬ ዜኒት የሚገዙ ብዙዎች የሚፈልጉት ይህንኑ ሌንስ ፈትተው ዲጂታል ካሜራ ላይ ለመግጠም ነው፤ «አካሉ የሞተ ነው» እያሉ ዋጋ የሚያወርዱብሽን እወቂባቸው።

የብርሃን መለኪያው በሴሌኒየም የሚሠራ ስለሆነ ባትሪ አይፈልግም። ወደ መስኮት አዙሪው፤ መርፌው ከተነሳ ከስልክሽ የብርሃን መለኪያ መተግበሪያ ጋር አመሳክሪ። ልዩነቱ ሁልጊዜ ያው ከሆነ የፊልሙን ፍጥነት ቁጥር (ብርሃን የመሳብ አቅሙን፣ እንደ 100 ወይም 400) በዚያ ልክ አሳስተሽ መሙላት ነው። ጨርሶ ከሞተም ግድ የለም፣ የባሕር ዳር ፀሐይ ራሷ መለኪያ ናት። በጠራ ፀሐይ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 16 ላይ አድርጊና፣ የሹተሩ ፍጥነት ለፊልሙ ቁጥር የቀረበው ይሁን፦ ለ100 ፊልም 1/125፣ ለ400 ፊልም 1/500።

ፊልም ስትመርጪ እንድትጠነቀቂ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው «400 ለሁሉም ይሆናል» ብሎ ይመክራል። የዜኒት ኢ ትልቁ ፍጥነት 1/500 ነው፣ የሄሊዮሱም ጠባቡ ቀዳዳ ኤፍ 16። ስለዚህ በ400 ፊልም ቀን ላይ ሐይቅ ዳር ከቆምሽ ካሜራው ጫፍ ደርሷል፤ ውሃው ሲያንጸባርቅ ደግሞ ያልፈዋል። ጀርባውን አደብዝዘሽ ታንኳ የሚገፋ ሰው ላንሳ ብትይ አትችዪም። 100 ግዢ። ፎማፓን 100 እና ኬንትሜር 100 ከጥቁርና ነጭ ፊልሞች ርካሾቹ ናቸው። ቢጫ ማጣሪያ 49 ሚሊ ሜትር ካገኘሽ የጣናን ደመና ያወጣልሻል፤ አንድ ስቶፕ ግን (የብርሃኑን ግማሽ) ይወስዳል።

ሰዓቱም ፊልም ይቆጥባል። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ተኩል ብቻ ስለሚርቅ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ናት፤ በሚያዝያ ልክ ቀጥ ትላለች። ያኔ የሰው ዓይን ጉድጓድ ይሆናል፣ ባርኔጣ ያደረገማ ፊቱ ይጠፋል። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓትና ከ10 ሰዓት በኋላ አንሺ። ነጠላ የለበሱ እናት ስታነሺ የምትለኪው ለፊታቸው ይሁን እንጂ ለነጠላው አይሁን፤ ነጋቲቭ የበዛ ብርሃንን ይችላል፣ ያነሰውን ግን አይመልስልሽም። ዘጌ ተሻግረሽ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ከገባሽ ውስጡ ጨለማ ነው፤ አባቶችን አስፈቅደሽ፣ ያለ ፍላሽ፣ ካሜራውን አንድ ነገር ላይ አስደግፈሽ ሹተሩን በቢ (እስከተጫነ ድረስ ክፍት በሚቆይበት ምልክት) ክፈቺው። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባ በጀልባ ዙሪያውን ማንሳት ብቻ ነው ያለሽ። ድልድይና የጥበቃ ቦታ አካባቢ ደግሞ ካሜራ ከማውጣትሽ በፊት ጠይቂ።

እጥበቱን ራስሽ ልመጂው፤ ትልቁ ቁጠባ ያለው እሱ ጋ ነው። ጥቁርና ነጭ የሚታጠበው በ20 ዲግሪ ነው፤ በመጋቢትና ሚያዝያ የቧንቧው ውሃ ከዚያ ይሞቃል። የታሸገ በረዶ ከማጠቢያ ዕቃው ውጪ አድርጊና አቀዝቅዢው፣ ካልሆነ ሰዓቱን አሳጥሪ፤ ከ5 ደቂቃ በታች ሲወርድ ግን ፊልሙ እኩል አይወጣም። ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ካጣሽ ከሚሟሟ ቡና የሚሠራ አለ። ለ1 ሊትር ውሃ 54 ግራም ውሃ የሌለው ሶዲየም ካርቦኔት (የመጋገሪያው ሶዳ አይደለም)፣ 16 ግራም የቫይታሚን ሲ ዱቄት፣ 40 ግራም የሚሟሟ ቡና፤ በ20 ዲግሪ 15 ደቂቃ። ይሸታል፣ ግን በእውነት ይሠራል። የጀበና ቡና ጥንካሬው ስለሚለያይ አይታመንም። ርካሹን የሚሟሟ ቡና ግዢ፤ ሮቡስታ የበዛበት ስለሚሆን ለዚህ ሥራ ይሻላል። ፊክሰር (ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) ግን ምንም አይተካውም፣ መግዛት ግድ ነው። መጨረሻ ላይ ማዕድን በሌለው ውሃ (ዲስቲልድ) አለቅልቂው፣ ነጠብጣብ አይተውም።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ፊልም ካመጣልሽ በእጁ ይያዘው፤ ሻንጣ ውስጥ የሚገባውን የሚፈትሸው ራጅ ፊልም ያበላሻል። ፍላጎትሽ ከጸና ባለ 30.5 ሜትር የፊልም ጥቅል አስመጪ፤ 18 ያህል ባለ 36 ፎቶ ፊልም ይወጣዋል፣ ባዶ ካሴቶቹን ከፎቶ ቤት ጠይቂ።

ሌላ ካሜራ መግዛትሽ ካልቀረ ያለ ባትሪ የሚተኩስ ይሁን። ፔንታክስ ኬ1000 ባትሪው ለመለኪያው ብቻ ነው፤ ካነን ኤኢ-1 ግን ባትሪ ከሌለው ሹተሩም አይሠራም። የጃፓኖቹ የበር ስፖንጅ ቀልጦ ተጣብቆ ታገኚዋለሽ፤ በአልኮል ጠርገሽ ጥቁር የሱፍ ክር መተካት ነው፣ ልብስ ሰፊ ጋ ቁራጩን በነፃ ታገኚዋለሽ።

የተጠቀምሽበትን ፊክሰር ወደ ቦይ እንዳትደፊው፤ ብር (ማዕድኑ) አለበት፣ ቦዩ ደግሞ ጣና ይገባል፣ ዓሣውን ይጎዳል። ጀሪካን ውስጥ ከብረት ሱፍ ጋር አቆዪው፣ ብሩ ከሥሩ ይዘቅጣል።

አሁን ሌንሱን ወደ መስኮት አዙረሽ አንድ ፎቶ አንሺና እዚህ ለጥፊው፤ ሻጋታው በየትኛው መስታወት ላይ እንዳለ አይቼ ከፊት ወይስ ከኋላ መፈታት እንዳለበት እነግርሻለሁ።